ቅጠሏን ያማች ሴት

የአንጓችን ሞት የነገረችኝ፣ አንጓችን በቅጡ የማታውቅ ሴት ናት። ለሥራዬ የሹሩባ ክርና የፀጉር ዘይት ልገዛ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከተማ ሰንብቼ ነበር። ከሾዋክ ገና ከአውቶቡስ የወረደች ሴት ሱቅ ውስጥ አገኘችኝና የአገር ወሬ ጠየቅኳት። ስለ ዝናቡ ነገረችኝ፣ ስለ ወባው ነገረችኝ፣ ከዚያ እንደዋዛ «ያች የልጇን ፊት በቅጠል ያቃጠለችው ሴትዮ ደግሞ ጧት አረፈች አሉ» አለችኝ።

የያዝኩትን ዘይት ባንኮኒው ላይ መልሼ አስቀመጥኩ። ለቅሶው በኋላ መጣ፤ መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው። ሰው ዕድሜውን ሙሉ ሲለፋ ኖሮ መጨረሻው ላይ በአንዲት ዓረፍተ ነገር ይጠቀለላል። ዓረፍተ ነገሯ ውሸት ስትሆን ደግሞ ያንገበግባል። ከሁሉ የሚብሰው፣ ይችን ውሸት የፈጠረባት ጠላት አይደለም። ራሷ አንጓች ናት የፈጠረችው።

አንጓች የሚለውን ስም ያወጣሁላት እኔ ነኝ፤ የልጇንም፣ የሌሎቹንም ስም ቀይሬያለሁ። ልጅቷ ትዳር ላይ ናት፤ የሰው ጎጆ ማፍረስ አልፈልግም። አንጓችን ግን እንዲያ ተብላ እንድትቀር ዝም ብዬ መተው አቃተኝ።

ሾዋክ የመንገድ ከተማ ናት። ወደ ገዳሪፍ የሚሄደውም ወደ ከሰላ የሚሄደውም አውቶቡስ እዚያ ይቆማል፤ የስደተኛው ቢሮም እዚያው ነው፤ ስለዚህ ሰው አይጠፋባትም። ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ከእንጨትና ከሣር የቆመች፣ ራኩባ የሚሏት አንዲት ዳስ ነበረችን። በአንዱ ጎን እኔ ፀጉር እሠራለሁ። በሌላው ጎን አንጓች ሁለት ባልዲ፣ አንድ ሙቀጫና የታጠፈ ነጭ ጨርቅ ፊቷ ደርድራ ትቀመጣለች። ከአርማጭሆ በልጅነቷ በጦርነቱና በረሃቡ ዘመን የወጣች ናት። ኡም ጋርጉር የስደተኞች ካምፕ አደገች፣ እዚያው አገባች፣ ባሏ ሲሞትባት አንዲት ልጇን ይዛ ሾዋክ ገባች። ከኔ በዕድሜ ትበልጠኛለች፤ እታለም ነበር የምላት። ሱዳኖቹ ሻይ የምትሸጠዋን ሲት አል-ሻይ እንደሚሏት ሁሉ፣ እሷን ሲት አል-ወረግ ይሏታል፤ የቅጠል እመቤት እንደማለት ነው።

ሥራዋ የብጉር ቅጠል ነበር። እዚህ አገር በየመንገዱ ዳር ለጥላ የሚተከለውን የኒም ዛፍ ቅጠል ጧት ጧት ትለቅማለች። ታጥበዋለች። ግማሹን ቀቅላ፣ አቀዝቅዛ በጨርቁ ታጠልለዋለች፤ ግማሹን ወቅጣ እንደ ሊጥ ታደርገዋለች። በተቀቀለው ፊት ይታጠባል፣ የተወቀጠው ብጉሩ ላይ ይቀባና ደረቅ ሲል ይነሳል። ቆዳው ለተቆጣበት ሰው በቆርቆሮ የምታበቅለውን እሬት ሰንጥቃ ታክልበታለች። ይህን ሁሉ በካምፑ ጎረቤቷ ከነበሩ አንዲት የሱዳን አሮጊት እንደተማረችው ለሁሉም ትናገራለች። የአገሯ ደጋ ቅጠል እዚህ ሙቀት ውስጥ አልበቅል እንዳላት ትነግርሃለች፤ እየተቆጣች ነው የምትነግርህ፣ ቅጠሉ ራሱ ያኮረፋት ይመስል።

መድኃኒተኛ ካሏት ትሳደባለች። መድኃኒተኛ የሚባል ሰው በአገራችን የሥሩን ስም እንደሚደብቅ ሁሉም ያውቃል፤ ለልጁ እንኳ የሚነግረው ሊሞት ሲል ነው። አንጓች ግን ዛፉን በጣቷ ታሳያለች። «ይኸውና፣ ለኔ ምን አመጣሽ፤ ሂጅና ራስሽ ልቀሚ» ትላለች። ይህ ነገሯ ጎዳት ብል አልተሳሳትኩም። ሰው ያልተደበቀ መድኃኒት አያምንም። ዛፉ መንገድ ላይ ቆሞ ፍየል እያኘከው፣ ይኸ ነው እንዴ የሚያድነኝ ብሎ የሚሄድ ብዙ ነበር።

ደንበኛ ሲመጣ መጀመሪያ የምታየው ፊቱን አይደለም፤ ጣቱን ነው። ጥፍሩ ካደገ መቁረጫዋን ታወጣና ሳታስፈቅድ ትቆርጠዋለች። ብጉር እንግዳ ነው ትል ነበር፤ ካልነካካኸው ራሱ ይሄዳል፣ በጥፍርህ ካስተናገድከው ግን ቤት ሠርቶ ይቀመጣል። ከዚያ ቅጠሉን ፊት ላይ አትቀባም። ክንድ ላይ፣ ከክርን መታጠፊያው ውስጥ ትቀባና ነገ ና ትላለች። ክንዱ ካልቀላ ነው ፊቱ ተራ የሚደርሰው። ያልሞከረችውን ለማንም አትቀባም ነበር፤ ይህን ያዙልኝ።

መቼ ይጠፋልኛል ላላት ሁሉ መልሷ አንድ ነው፤ ማሽላው ወገብሽ ሲደርስ። በጋ ላይ ለመጣችም ያንኑ ትመልስላታለች። የገዳሪፍ ማሽላ በክረምት የሚዘራ መሆኑን እያወቀች ነው እንዲያ የምትለው፤ ችኩል ሰው ማናደድ ደስ ይላታል።

አንድ ጊዜ ወደ ሰሜን የሚያልፍበት መኪና የሚጠብቅ የደምቢያ ወጣት መጣ። ቀን ቀን ጆንያ ይሸከማል፤ ግንባሩም ጉንጩም በብጉር ተሞልቷል። በረሃ ሊያቋርጥ ለተነሳ ሰው ብጉር ምኑ ነው ብላ ቀለደችበት። ወጣቱ መሬት መሬት እያየ፣ ለእናቱ ፎቶ መላክ እንዳለበት፣ ይህን ፊት ካየች ታሟል ብላ እህል እንደማትቀምስ ነገራት። ከዚያ ወዲያ አልቀለደችም። ከሌሎቹ አስቀድማ አስቀመጠችው። አብጦ ከሥር መግል የያዘ ፊት የመጣባት ቀን ደግሞ፣ ይኸ ከኔ ቅጠል በላይ ነው ብላ ወደ ሐኪም ትልካለች። ለሁሉም አልሠራላትም፤ እንደሚሠራላትም ምላ አታውቅም። ብዙ ፊት ግን በእጇ ሲጠራ አይቻለሁ።

የራሷ ልጅ ፊት ግን አልጠራም። ሃና ሾዋክ ያደገች፣ አማርኛውንና አረብኛውን እያቀላቀለች የምታወራ፣ ስልክ ቤት የምትሠራ ጨዋ ልጅ ናት። ብጉሩ ገና በለጋነቷ ጀመራት፤ ከጉንጯ አልፎ አንገቷ ድረስ ወረደ። የቅጠል እመቤት ልጅ ብጉራም ስትሆን ሰው ምን እንደሚል አስቡት። እናትየው ቅጠሉን ይዛ ትለምናታለች፣ ልጅቷ ታኮርፋለች። «ኸላስ፣ በቃ እማ፣ ኒም ኒም ሸተትኩ» ትላለች። ደንበኛ እያየ እንዲህ ስትላት አንጓች ትስቃለች፤ እኔ ግን የዚያን ዕለት ሙቀጫውን አጥብቃ ስትወቅጥ እሰማት ነበር።

ከዚያ የካርቱሙ ጦርነት መጣ። የተፈናቀለው ሕዝብ ገዳሪፍንም ሾዋክንም ሞላው። ማገዶ ጠፋና በየሰፈሩ ያለው የኒም ዛፍ ተጨፈጨፈ፤ አንጓችም ቅጠሏን በቦክሲ መኪና ከኒው ሀልፋ ታስመጣ ጀመር። በዚያው ሰሞን ኸልጣ የሚሉት ነገር በገበያው በዛ። ቀድሞም ነበር፣ ያኔ ግን በየጥጉ ሆነ። ኸልጣ ድብልቅ ማለት ነው። ከፋርማሲ ቱቦ የተጨመቀ፣ የሚያነጣ ክሬም፣ ምንነቱ የማይታወቅ ሌላም ሌላም ባንድ ላይ ተመትቶ፣ ስም በሌላት ትንሽ ብልቃጥ ይሸጣል። ሻጯ ውስጡ ምን እንዳለ ከጠየቋት ፈገግ ትላለች እንጂ አትናገርም። የተደበቀ ነውና ሰው አመነው።

በዚህ መሀል ሃና ድንገት ለእናቷ እሺ አለች። ጧት ጧት በቅጠሉ መታጠብ ጀመረች። ሳምንት ሳይሞላት ብጉሩ ከሰመ፣ ፊቷ ወዛ፣ ቀላ ብላ ታየች። አንጓች ያበደች መሰለኝ። ጉራ የማታውቅ ሴት ልጇን ራኩባው ሥር አስቀምጣ፣ አገጯን ይዛ ወዲህና ወዲያ እያዞረች ለመንገደኛው ሁሉ ታሳያለች። እኔም ለማሾፍ፣ እታለም፣ ማሽላው እኮ ገና ጉልበትሽ አልደረሰም አልኳት። የእናት እጅ ሌላ ነው አለችኝ። ቅጠል አይቸኩልም ስትል የኖረች ሴት፣ በገዛ ልጇ ፊት ላይ ሲቸኩል አይታ አልጠረጠረችም። ለዓመታት የለመነችው ነገር ተሰጣት፤ የተሰጠውን ማን ገልጦ ያያል?

ሃና የምትቀባው ኸልጣ ነበር። ጧት እናቷ እያየች በቅጠሉ ትታጠባለች፣ ኋላ ለብቻዋ ስትሆን ከብልቃጧ ትቀባለች። እናቷ ለሰው ማሳየት ስትጀምር መናገር ፈራች። እያደረ ደግሞ ለመናገር የባሰ ከበዳት።

የገበያው ልጃገረዶች የሃናን ፊት እያዩ ለአንጓች ያንን ቅጠል ስጭን ይሏት ጀመር። ያው ነው ብትላቸው አላመኗትም፤ ደህናውን ለልጇ ደብቃለች ተባለ። በዚህ ወሬ አንጓች ትስቅ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ሳልደብቅ አላመኑኝም፣ አሁን ደበቀች ሲሉ አመኑኝ ትለኝ ነበር።

ትዳሩም የመጣው በዚሁ ፊት ነው። ዮሐንስ ከገዳሪፍ ሾዋክ ሚኒባስ የሚነዳ፣ ሥርዓት ያለው የአገራችን ልጅ ነው። ስልክ ቤቱ በሰበብ በሰበብ ሲመላለስ ሃናም ወደደችው። መውደዷን እናቷ ከመስማቷ በፊት እኔ ፀጉሯን ስሠራት አውቄዋለሁ። እናቱ ወይዘሮ ትብለጥ ገዳሪፍ ውስጥ ምግብ ቤት ያላት፣ ደግ፣ ግን በቃሏ የማትመለስ ሴት ናት። ልጅቷን ልታይ መጣች። የትልቁ ልጇ ሚስት ኸልጣ ስትቀባ ኖራ፣ ከሠርጉ በኋላ ፊቷ እንደ ሽንኩርት ተላልጦ፣ አታለልሽኝ አላታለልኩህም ሲባል ቤታቸው መፍረሱን እያለቀሰች ነገረችን። ስለዚህ ምላለች፤ ኸልጣ የነካት ልጅ ሁለተኛ ደጇን አትረግጥም። ከዚያ የሃናን ጉንጭ ዳሰሰችና፣ ይኸ የቅጠል ፊት ነው፣ እንዲህ ያለችዋን ነው የምፈልግ አለች። ሃና የዚያን ጊዜ ምን እንደተሰማት ያሰብኩት ኋላ ነው።

ሠርጉ ለፋሲካ ማግሥት ተቆረጠ። ጾሙ ሲጋመስ ግን ኸልጣ የምትሸጠው ሴት ወደ ፖርት ሱዳን ሄደች። የሃና ብልቃጥ ባዶ ሆነች። ጥቂት ቀን አልፎ ፊቷ ቀላ፣ አበጠ፣ ብጉሩ ከበፊቱ ብሶ ወጣ። ፀሐይ ሲነካት እንደ በርበሬ ይለበልባታል። በሩን ዘግታ ተቀመጠች።

አንጓች ቅጠሏን ጠረጠረች። ከኒው ሀልፋ የሚመጣው ቅጠል ምናልባት የእርሻ መርዝ የተረጨበት ይሆናል አለች። ባልዲዎቹን ደፋች። የተረፈውን ቅጠል ወቅጣ የራሷን ክንድም፣ አንገትም፣ ፊትም በሙሉ ቀባችው። ፀሐይ ላይ ተቀመጠችበት። ምንም አልሆነችም። እኔን ምነው ሳይነካኝ ልጄን ነካብኝ እያለች ስትንገበገብ ሃና ከመጋረጃው ኋላ ትሰማ ነበር።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ እሬት ይዤላቸው ሄጄ ሦስታችንም አንድ ክፍል ውስጥ ነበርን። ሃና ተነሳችና ባዶዋን ብልቃጥ እናቷ ጭን ላይ አኖረቻት።

«እማ፣ ቅጠልሽ አይደለም» አለቻት።

አንጓች ከፍታ አሸተተችው። መልሳ ከደነችው። ትጮሃለች፣ ትማታለች ብዬ ጠብቄ ነበር። የጠየቀችው ዮሐንስ ያውቅ እንደሆነ ብቻ ነው። አያውቅም። ሌላ ሰውስ? ማንም። ከዚያ ወደኔ ዞረችና፣ ይችማ የኛው ናት ብላ ብልቃጧን ቀሚሷ ውስጥ ከተተች። እንዲያ ብላ አፌን አሰረችው።

ትብለጥ ልጅቷ መታመሟን ሰምታ በማግሥቱ ከሁለት ዘመዶቿ ጋር ደረሰች። ሃናን ስታያት ደረቷን መታች። ምን ነካሽ ብላ የጠየቀችው ልጅቷን ነው። ሃና አንገቷን ደፍታ ነበር፤ ቀና አለች። ልትናገር መሆኑን ከከንፈሯ አየሁ። አንጓች ቀደመቻት።

«እኔ ነኝ» አለች። «ከሩቅ ያስመጣሁትን ቅጠል ሳልሞክረው ቀባኋት። ተይ እማ ብላኝ ነበር፣ አልሰማኋትም። ልጄ ምንም አላጠፋች።»

ሳልሞክረው ስትል ጆሮዬን አላመንኩትም። ለማታውቀው መንገደኛ እንኳ ሳትሞክር ቀብታ አታውቅም። ትብለጥ አንዴ እሷን፣ አንዴ ልጅቷን አየች። ከዚያ ሃናን አቅፋ ታለቅስ ጀመር። ልጅቷ ምን አጠፋች፣ ለሠርግ ያልደረሰ ፊት ለክርስትና ይደርሳል አለች። በሳምንቱ ገዳሪፍ ወስዳ ለቆዳ ሐኪም አሳየቻት። ሃና ለሐኪሙ ለብቻው እውነቱን ነግራዋለች፤ መድኃኒቱን ሰጣት፣ በጊዜ ብዛትም ጥቁር ምልክት ትቶ ዳነላት።

አንጓች ውሸቷን እንደ ሥራዋ ነው የያዘችው፤ ሳታጎድል። ለጠየቃት ሁሉ ትናገራለች። ራኩባው ሥር ለመጣው ደንበኛ፣ ከመናኸሪያው ለሚወርደው መንገደኛ ቅጠሌ የልጄን ፊት በላው ትላለች። ሰው አንዴ ብቻ ቢሰማ ይረሳዋል ብላ ፈርታ ይመስለኛል፤ ሌላ ምክንያት የሚፈልግ ሰው እንዳይኖር። እኔ በሌላው ጎን ተቀምጬ የሰው ፀጉር እየሠራሁ ይህን እሰማለሁ። በምላሴ ላይ እሳት የተቀመጠ ይመስለኝ ነበር።

ደንበኛዋ ሁሉ ሄደ። የሄደውም ወደ ሌላ ቅጠል አይደለም፤ ወደ ኸልጣ ነው። ትርንጎ የምትባል የቋራ ልጅ ነበረች፤ ምግብ ቤት ዕቃ ታጥባለች፣ በቅጠሉ ፊቷ እየጠራ ነበር። በፍርሃት ተወችውና ብልቃጥ ገዛች። ይህን ሳይ አልቻልኩም። የኛ ውሸት የሰው ልጆች ፊት እየላጠ ነው፣ የነዚህስ ነገር አያሳስብሽም ወይ ብዬ ጮህኩባት። ብዙ ዘመን አብረን ስንቀመጥ የተጣላነው ያን ቀን ብቻ ነው።

አንጓች ሙቀጫውን እየጠረገች፣ «እነሱም እናት አለቻቸው» አለችኝ። «እናታቸው ትዋሽላቸው።»

ይህን አባባሏን አልወደድኩትም። ዛሬም አልወደውም። ትርንጎ እናት የላትም፤ ቢኖራትም ቋራ ናት። ለአንጓችም ይህን ነገርኳት። ነገሩ ገብቷት ነበር። በማግሥቱ ጧት ተነስታ ምግብ ቤቱ ሄደች። ትርንጎን ጠርታ ኸልጣውን እንድትጥለው ለመነቻት። ከዚያ የሻይ ሴቶቹ ዘንድ፣ ከዚያ የጫማ ሱቆቹ ዘንድ፣ ልጃገረድ ያየችበት ሁሉ ሄደች። አንዳንዶቹ በጨዋነት እሺ አሏት። ትርንጎ ግን የልቧን ነገረቻት።

«እታለም፣ አንቺ ቅጠልሽ ልጅሽን አቃጥሎ ሌላውን ትከለክያለሽ?»

አንጓች ተመልሳ ቦታዋ ላይ ተቀመጠች። አላለቀሰችም። ለብጉር ከእሷ የሚሻል መካሪ በዚያ ገበያ አልነበረም፤ ምክሯን የገደለችው ራሷ ናት። ያን ቀን ነው የከፈለችው ሁሉ የገባት መሰለኝ። እንዲያም ሆኖ መልሳ ልትናገር አላሰበችም። ሠርጉ ገና ነበር።

ሠርጉ ገዳሪፍ ሆነ፣ ያማረ ነበር። በሂናው ዕለት የሙሽራዋን እጅና እግር እናቷ ልትቀባ ተጠጋች። ሂናም ቅጠል ነው፤ ተፈጭቶ፣ ተለውሶ የሚቀባ። ከትብለጥ ዘመዶች አንዷ ሳህኑን ከፊቷ አነሳችው። በቁጣ አይደለም፣ በፈገግታ ነው፤ አንቺ ዛሬ ዕረፊ አለቻት። ሴቶቹ ሳቁ። አንጓች እጇን ሰበሰበችና ከሌሎቹ ጋር ማጨብጨብ ጀመረች። እያጨበጨበች ታየኛለች፤ እንዳትናገሪ ነው የምትለኝ በዓይኗ። እኔ ወጣሁና ከግድግዳው ኋላ አለቀስኩ።

ከዚያ በኋላ ራኩባው ሥር ለውዝ ትቆላ ነበር። ባልዲዎቿን ለጎረቤት ሰጠች። ሃና ገዳሪፍ ሆና ትደውልላታለች፤ እናትና ልጅ ስለ ምግብ፣ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ሕፃኑ ልብስ ያወራሉ። ሃና ጸንሳ ነበርና። ስለዚያ ነገር ግን አያነሱም። እኔም አንጓችን ይቆጭሽ ይሆን ብዬ አልጠየቅኳትም። ቁጭት በፊቷ ላይ አልነበረም ማለት አልችልም፤ የነበረው ግን ለትርንጎ ሲሆን እንጂ ለራሷ ሲሆን አላየሁም። ትርንጎ ፊቷን በነጠላ ሸፍና መሄድ ከጀመረች ወዲህ፣ አንጓች እሷ ስታልፍ ቀና ብላ አታይም ነበር።

ክረምቱ ሲገባ ወባ ያዛት። እኔ ለዕቃዬ ገዳሪፍ ስወጣ ተነስታ ተቀምጣ ነበር፤ ትሻላለች ብዬ ነው የሄድኩት።

መርዶውን ሱቁ ውስጥ እንደሰማሁ ወደ ሃና ቤት ሮጥኩ። ሃና ተረድታለች፤ ሚኒባሱ ተነስቶ ሊሄድ ሲል ደረስኩ። ዮሐንስ ይነዳል፣ ትብለጥ ከፊት ተቀምጣለች፤ እኔና ሃና ከኋላ ነን። መንገዱ ግራና ቀኙ አረንጓዴ ነው። ሃና ዘንበል ብላ ጆሮዬ ላይ፣ «ዛሬ እናገራለሁ» አለችኝ። «እማ እንደዚህ ተብላ አትቀበርም።» እጇን ጨበጥኩት። ተናገሪ አልኳት። ቤትሽ ቢናጋም ልጅ ይዘሻል፣ ዮሐንስ ይወድሻል፣ ያልፋል አልኳት። እንደዚያ ስላት ከልቤ ነበር።

ቀብሩ ከሰዓት ሆነ። ስንመለስ ድንኳኑ ሞልቷል፤ ሱዳኖቹ ጎረቤቶችም ቶባቸውን ተከናንበው ከሴቶቹ ጋር ተቀምጠዋል። ትርንጎ ከዳር ፊቷን እንደሸፈነች ተቀምጣለች። ሽማግሌዎቹ ከጸለዩ በኋላ ትብለጥ ተነሳች፤ አማት ናትና መናገር ይገባታል። ዕንባዋን እየጠረገች ነው የተናገረችው፣ ክፋት አልነበረባትም።

«አንጓች ደግ ሴት ነበረች» አለች። «አንድ ጥፋት አጠፋች፣ እሱንም እንደ ሌላው ሰው አልደበቀችም። በልጇ ፊት ላይ ላደረሰችው እግዜር ይቅር ይበላት።»

ድንኳኑ አሜን አለ። ትርንጎም አሜን ስትል ሰማኋት።

ከዚያ ሁሉም ወደ ሃና ዞረ፤ የይቅርታው ባለቤት እሷ ናትና። ሃና ተነስታ ቆመች። አንድ እጇ ሆዷ ላይ ነበር። ባሏን አየች፣ አማቷን አየች፣ መጨረሻ ላይ እኔን አየችኝ። ከንፈሯ እንደዚያን ቀን ሲከፈት አየሁ። አሁን የሚቀድማት እናት የለም ብዬ ጠበቅኩ።

«አሜን» አለች።

ፈርታ ይሁን እናቷን ታዝዛ፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። አንጓች ብትሰማት ግን ደስ እንደሚላት አውቃለሁ፤ አንጀቴን የሚበላኝም ይኸው ነው። ከዚያ ሁሉ ሰው አሜን ያላልኩት እኔ ብቻ ነኝ፤ ዝም ማለቴንም ማንም ልብ አላለው።